ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገር እንቆቅልሽ

ገበጣ ለመጫወት ያማረው ልጅ መሬቱን ጎድጎድ ጎድጎድ ያደርጋል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ አለቀ። ሰሌዳው አፈሩ ነው። ቤተሰቡ አገር ሲለቅ ጨዋታውም አብሮ ይሄዳል፤ የሚሸከመው ዕቃ የለውማ፣ ሕጉ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ አስፍሯል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፣ ሕጉም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ያን ሁሉ ያፈለቁት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጫወቱ የዋሉ ሰዎች ናቸው።

በስልክ ብሮውዘር የሚከፈቱት ትንንሽ የእንቆቅልሽ ጌሞች ገበጣን የሚመስሉት በዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራቸው ይችላል። ከፕሌይ ስቶር ማውረድ አያስፈልግም፤ ሊንኩን የነካ ሁሉ ይጫወታል። እንዴት እንደሚሠሩ ሳስረዳ በሐሳቤ የማስቀምጠው አንባቢ ገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ መንደር 8 ያለ ሰው ነው። መንደር 8 ቁጥሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረቁት የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች ምክንያት ከቦታቸው የተነሡ ሱዳናውያን ከሰፈሩባቸው መንደሮች አንዱ ስለሆነ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከሑመራና ከማይካድራ በኩል ጦርነት ሸሽተው በሉግዲ ድንበር የተሻገሩ ሰዎች እዚያ አረፉ። ብዙዎቹ በኋላ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያ ጣቢያዎች ተወሰዱ፤ እዚያው የቀሩም ነበሩ። እዚያ ላለ ሰው የሚመች ጌም፣ የትም ላለ ሰው ይመቻል የሚል እምነት አለኝ። ኔትወርኩ ቀጭን፣ ባትሪው በሶላር የሚሞላ፣ ስልኩም ርካሽ አንድሮይድ ነው እንበልና እንነሣ።

በመጀመሪያ ብሮውዘሩን እንይ። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ አንድ ገጽ ሲከፍት ሦስት ነገር ያነባል። ኤችቲኤምኤል ገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ ይናገራል፤ ሲኤስኤስ መልኩን ይወስናል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ጣት ሲነካው ምን እንደሚሆን ያዛል። ሦስቱም ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ሊጻፉ ይችላሉ። ላፕቶፕ የሌለው ሰው እንኳ አኮድ በሚባለው ነፃ አፕ ስልኩ ላይ ጽፎ እዚያው ሊሞክረው ይችላል። ያደክማል፣ ግን ይቻላል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፤ ኦፔራ ሚኒ ዳታ በጣም በሚቆጥብበት ሁነታ ላይ ሲሆን ገጹን ራቅ ባለ ኮምፒውተር አብስሎ ስለሚልከው ጌሙ ላይሠራ ይችላል። «ሊንክህ አይከፈትም» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ በየትኛው ብሮውዘር እንደተከፈተ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥሩ ጌም በትልቅ ኩባንያ ብቻ እንደሚሠራ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ «2048»ን ሲሠራ 19 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በአንድ የሳምንት መጨረሻ ሠርቶ በነፃ ለቀቀው፣ ኮዱንም ማንም እንዲያየው ክፍት አደረገው። በአራት በአራት የተከፈለ ሰሌዳ፣ 16 ሣጥን፣ ተመሳሳይ ቁጥሮች ሲገናኙ ይደመራሉ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ አዲስ የምትመጣዋ ቁጥር ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ 2፣ አንድ ጊዜ 4 ናት፤ ያቺ አንዷ 4 ናት ተጫዋቹን ስታናድደው የምትውለው። ይህም ሆኖ የሐሳቡ ምንጭ እርሱ አልነበረም። ከአንድ ወር በፊት የወጣው «ትሪስ» የተባለው ጌም ይመስለዋል፤ የ«ትሪስ» ሠሪዎች በሕጉ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሲደክሙ ቆይተው ነበር፣ በቅጂዎቹ ብዛት ማዘናቸውንም በግልጽ ጽፈዋል። ከሌላ ጌም ሕግ የሚወስድ ሰው ከማን እንደወሰደ ገጹ ላይ ቢጽፍ ምንም አይጎድልበትም፤ ነውርም ከራሱ ላይ ያነሣል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ወርድል» ነው። ጆሽ ዋርድል የሠራው ለፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ ነበር። ተጫዋቹ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ ያገኛል፤ ፊደሉ በቦታው ከሆነ አረንጓዴ፣ በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ ይሆናል። ባለ አምስት ፊደል ቃላት 12 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ፓላክ አንድ በአንድ እያየች የምታውቃቸውን ስትለይ ወደ 2,500 ወረዱ። የጌሙ ነፍስ ያለው እዚህ የማጣራት ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2021 የተጫወቱት 90 ሰዎች ነበሩ፤ በሁለት ወር ውስጥ 300,000 ደረሱ። በጥር 2022 መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው።

ይህን ጨዋታ ወደ አማርኛ ማምጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አምስቱን ሣጥን እንዳለ መገልበጥ ነው፤ ስህተቱም እዚያው ይጀምራል። በእንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉ። አምስት ቦታ ላይ ሲደረደሩ 11,881,376 ዓይነት ቅንጅት ይሰጣሉ። የእኛ ገበታ 33 ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው። እነዚህን ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ብንደረድራቸው 12,326,391 ይሆናሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ናቸው! ሦስት የአማርኛ ፊደል የሚሸከመው ብዛት አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ከሚሸከመው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ለእኛ በቂ ነው፤ ባለ አምስት ካደረግነው ተጫዋቹ በጨለማ ይደናበራል።

ሦስት ፊደል ብንወስድም አረንጓዴና ቢጫ ብቻ አይበቁም። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ያስራል፤ ከፊሉን ያገኘ ሰው ከፊሉን እንዳገኘ ሊነገረው ይገባል። ምስጢሩ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ለ ላይ ሲደርስ 4616 ነው። ማለትም ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጥቷል፤ ሰባቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላለው ዲቃላ። የፊደሉን ቁጥር ለ8 ብታካፍሉት ድርሻው ቤተሰቡን ይነግራችኋል፣ ቀሪው ደግሞ ግእዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሣልስ ይነግራችኋል።

በምሳሌ እንየው። የዕለቱ ቃል «ሰሊጥ» ነው እንበል፤ ለሑመራም ለገዳሪፍም የቤት ቃል ነው። ተጫዋቹ «ሰላም» ብሎ ገመተ። ሰ በቦታዋ ናት፣ አረንጓዴ። ላ ቁጥሯ 4619 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 577 ደርሶ 3 ይተርፋል። ሊ 4618 ናት፤ 577 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቤተሰቡ አንድ፣ አናባቢው ሌላ። ለዚህ ሰማያዊ እንስጠው፤ «ለ ቤት ደርሰሃል፣ ድምፁን ቀይር» ማለት ነው። ም 4637 ናት፤ 579 ደርሶ 5 ይተርፋል። ጥ 4901 ናት፤ 612 ደርሶ እሷም 5 ይተርፋል። ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ ቤታቸው ግን ይለያያል። ለዚህም ሌላ ምልክት ይሰጣል። አንድ ግምት ሦስት ዓይነት መልስ አመጣ። ኮዱ ላይ ይህ ሁሉ አንድ የማካፈል መስመር ነው። ሰሊጥንና ሰላምን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ «ሰላም» ሌላው «ሠላም» ብሎ ይጽፋል፤ «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ጌሙ ፈተና አይደለምና በአጻጻፍ ሰው መቅጣት አይገባውም። ስለዚህ ከማነጻጸሩ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ። ሀና ሃ፣ አና ኣም በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እነሱንም አንድ አድርጉ፤ አለዚያ «ሃገር» ብሎ የጻፈው ሰው ትክክለኛውን ቃል ይዞ ሰማያዊ ምልክት ይወጣለታል። እዚህ ላይ ግን መንደር 8ን አትርሱ። እዚያ ያረፉት አብዛኞቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ ድምፃቸው የተለያየ ነው፤ ሲደባለቁ ቃሉ ይበላሻል። ሰና ሠን፣ ጸና ፀን ግን አንድ ማድረግ ይቻላል። ያው ኮድ፣ ያው ማካፈል፣ ሌላ የቃላት ዝርዝርና ሌላ የሞክሼ ሰንጠረዥ፤ በሁለት ቋንቋ የሚሠራ ጌም ማለት ይህ ነው። ሲጀመር ቢታሰብበት ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ሁሉን ማፍረስ ነው።

የቃላት ዝርዝሩ ከኮዱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አማርኛ ቃልን ያረባል፤ «ቤት» ካለ «ቤቱ»፣ «ቤቴ»፣ «ቤታችን» አለ። «ሰበረ» ካለ «ሰበሩ»ም «ሰበርን»ም አለ። ከመዝገበ ቃላት ገልብጦ መጨረስ አይቻልም። እኔ የምመክረው መልስ የሚሆኑት ቃላት ያልተረቡ ስሞች ብቻ እንዲሆኑ፣ ግምት ሆኖ የሚገባውን ግን ጌሙ በለዘብታ እንዲቀበል ነው። ከዚያ ፓላክ ያደረገችውን አድርጉ። ዝርዝሩን ለእናት፣ ለአጎት፣ ለጎረቤት አንብቡላቸውና «ምን ማለት ነው?» ያሉበትን ሁሉ ሰርዙ። አዲስ አበባ ያደገ የሚያውቀውን የሑመራ ገበሬ ላያውቀው ይችላል፤ የእርሻውንና የወንፊቱን ቃል ደግሞ የከተማው ሰው አያውቀውም። ሁለቱም ያወቁት ይግባ። አንድ ዓመት የሚያጫውቱ 365 ቃላት በሦስት ቀን ይገኛሉ።

ተጫዋቹ የሚጽፍበት ኪቦርድም አለ። በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ አትመኩ፤ ሁሉም ስልክ ላይ አልተጫነም፣ ተጭኖም እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚያጽፈው። ገጹ ላይ የራሳችሁን ሥሩ፤ ግእዞቹ ይደርደሩ፣ አንዱ ሲነካ ሰባቱ ከላይ ይምጡ። ሁለት ንክኪ፣ አንድ ፊደል። አውራ ጣት ሳይሳሳት እንዲያርፍ ቁልፎቹን ሰፋ አድርጉ። ደግሞም ስልክ ፀሐይ ላይ ሲታይ አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ይመስላሉ፤ ቀለም መለየት የሚቸገር ሰውም አለ። በቀለሙ ላይ ነጥብ፣ መስመር ወይም ማዕዘን ጨምሩበት።

ቃል ለማይወዱና ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች ሌላ እንቆቅልሽ አለ፣ ከዚያው የስምንት ረድፍ የሚወጣ። ሦስት በሦስት ሰሌዳ ውሰዱ፤ ዘጠኝ ቦታ አለው። ስምንቱ ላይ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ሏ፣ ዘጠነኛው ባዶ። ልጁ ፊደሎቹን ወደ ባዶው እያንሸራተተ በተራቸው ይደረድራቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የጣለ ጉድጓድ አለ። ፊደሎቹን እንደ ካርታ በዘፈቀደ ብትበውዟቸው 362,880 ዓይነት አቀማመጥ ይቻላል፤ ከነዚህ ግማሹ፣ 181,440ው፣ ምን ቢደረግ አይፈታም። በሂሳብ የተረጋገጠ ነው፤ የዚሁ ዘመድ የሆነው ባለ 15 ቁራጭ እንቆቅልሽ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1879 ታትሟል። ስለዚህ ከሁለት ልጅ አንዱ የማይፈታ ሰሌዳ ይደርሰዋል ማለት ነው። ያ ልጅ ጥፋቱ የፕሮግራሙ እንደሆነ አያውቅም፤ «አልችልም» ብሎ ስልኩን ይመልሳል። ይህ እንዳይሆን ተደርድሮ ካለቀው ሰሌዳ ጀምሩና ኮዱ ራሱ በሕጉ መሠረት መቶ ጊዜ ያህል ያንሸራት። የሄደበት መንገድ ስላለ የሚመለስበትም አለ።

ስለ ሽንፈትም አንድ ነገር ልበል። ልጆች «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ተባብለው መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገር ይሰጠዋል፤ በሰጡት አገር ደስ ከተሰኘ በኋላ መልሱን ይናገራል። የተሸነፈው ባዶ እጁን አይሄድም፤ መልሱን ሰምቶ፣ ስቆም ነው የሚነሣው። በስልክ ያየኋቸው ብዙ ጌሞች «ተሸንፈሃል» ብለው በሩን ይዘጋሉ። የእኛ ጌም መልሱን ይንገር፣ ከቃሉም ጋር አንድ አጭር ፍች ያስቀምጥ።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ፤ መንደር 8 ላይ ጌም የሚሞተውም የሚድነውም በዚህ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ፋይል ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ 365 ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ወደ አራት ኪሎባይት ነው። ኮዱ፣ ኪቦርዱ፣ ቀለሙ ተደምሮ ከ40 ኪሎባይት ማለፍ የለበትም። አንድ ሜጋ ዳታ ያላት ሴት 25 ጊዜ ትከፍተዋለች ማለት ነው። ዩኒቲን በመሳሰሉ ትልልቅ መሣሪያዎች የተሠራ ጌም ግን ገና ሳይጀምር በርካታ ሜጋባይት ያወርዳል። ባትሪውንም አስቡ፤ እንደ ሩጫ ጌም በሴኮንድ 60 ጊዜ ሥዕል መሳል እንቆቅልሽ አያስፈልገውም። ጣት ሲነካው ይሳል፣ ከዚያ ዝም ይበል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን ጦርነት ምክንያት የስልክ ኔትወርኮች በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ጸጥ ብለው ነበር። ሰርቪስ ወርከር የሚባል ትንሽ የኮድ ክፍል አለ፤ ገጹ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ፋይሎቹን ስልኩ ውስጥ ያስቀራል፣ በሚቀጥለው ቀን ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ቀላል ነው። ጌሙ አንድ ፋይል ከሆነ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር እንደ ፎቶ ይላካል፤ የተቀበለው ሰው በክሮም ይከፍተዋል። እንዲህ የተከፈተ ፋይል አንዳንድ ስልክ ላይ ውጤት ማስቀመጥ ስለማይፈቀድለት፣ ማስቀመጥ ባይሳካ እንኳ ጨዋታው እንዳይቆም አድርጋችሁ ጻፉት። ገበጣ ከሰው ወደ ሰው እንደሄደው እንቆቅልሹም ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል።

ገንዘቡን በአጭሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል፤ የአገር ጨዋታ ወደ ስክሪን እንደሚገባ አሳይቶናል። በፕሌይ ስቶር በኩል ለመሄድ ግን 25 ዶላር የመመዝገቢያና የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። የብሮውዘር ጌም ጊትሀብ ፔጅስ ላይ ወይም ኢች አዮ ላይ በነፃ ይቀመጣል። አምስተርዳም ያለው ፖኪና ቤልጅየም ያለው ክሬዚጌምስ ከማስታወቂያ ገቢ ለሠሪው ያካፍላሉ፤ የሚቀበሉት ግን መርጠው ነው፣ ክፍያውን ለመቀበልም ከውጭ ገንዘብ የሚገባበት ሒሳብ ይጠይቃል። ባንክ ለማግኘት ለሚቸገር ስደተኛ ይህ ከባድ ግድግዳ ነው፤ «ሥሩና ትከብራላችሁ» ብዬ ማታለል አልፈልግም። የሚሠራው የሚያገኘው ሙያውን ነው። ይህን ገጽ አስተካክሎ የጻፈ ሰው የሱቅ ገጽ፣ የትምህርት ቤት ገጽ መጻፍ አያቅተውም።

ከመልቀቃችሁ በፊት ስልኩን ጌሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡና አፋችሁን ያዙ። «እዚህ ጋ ንካ» አትበሉ። ጣቱ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ የት ላይ ቆሞ ፊታችሁን እንዳየ ልብ በሉ። ፊታችሁን ያየበት ቦታ ላይ ጌሙ የሚጎድለው ነገር አለ። አምስት ሰው ይበቃል።

የቀረው የቀኑ ቃል መቼ ይቀየር የሚለው ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ድንበር ላይ ግን ቀላል አይደለም። ሱዳን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ከዚያ ወዲህ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ስልኩ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። ጌሙ የየስልኩን እኩለ ሌሊት ከጠበቀ ለአንድ ሰዓት ያህል እህትና ወንድም የተለያየ ቃል ላይ ይሆናሉ፣ አንዱም ለሌላው መልሱን ያበላሽበታል። ደግሞስ ለእኛ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ መቼ ጀምሮ ያውቃል? ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስለዚህ የሁሉንም መነሻ አንድ እናድርገው፤ በግሪንዊች ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ፈረንጆቹ 3 የሚሉት። ኮዱ አሁን ያለውን ጊዜ ወስዶ ሦስት ሰዓት ይቀንሳል፣ አንድ ቀን በሚይዘው 86,400,000 ሚሊሴኮንድ ያካፍላል፣ የሚደርሰው ቁጥር ለ365 ተካፍሎ የሚተርፈው ከዝርዝሩ የዛሬውን ቃል ያመጣል። ስልኩን በእጁ በአበሻ አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለ ስድስት ሰዓት ይዛነፍበታል፤ ገጹ ላይ አንድ መስመር ጽፋችሁ አስታውሱት። የቀረው ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ሑመራ ያለችው እህት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስትከፍተው መንደር 8 ያለው ወንድሟ ገና 11 ሰዓት ነው፤ በሁለቱም ፊት ሦስቱ ሣጥኖች ባዶ ናቸው፣ የሚፈልጉትም ያንኑ ቃል ነው።